መዳብ ያሰሩ እግሮች

በእግር ሰፈር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጤና አይደለም። «እግራችሁ እንዴት አደረ?» ይባላል። እግር የምንለው ቤቶቻችን ሐይቁ ላይ የቆሙበትን የብረት ምሰሶ ነው። ሐይቁ አሮጌውን ከተማ ከዋጠ በኋላ የተወለዱ ልጆች ሌላ ሰላምታ አያውቁም። ልጄ ናርዶስ ትንሽ ሳለች አባቷ እግሩን ሲታጠብ አይታ «አባዬ፣ ያንተ ስንት ዓመት ቀረው?» ብላ ጠይቃዋለች። አባቷ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በየደጃፉ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የቤቱ እግር የቀረው ዕድሜ ይታያል። ቁጥሩን የሚልከው ቅጂው ነው። ቅጂው በደረቁ መሬት ላይ ባለው ማዕከል፣ በኮምፒውተር ውስጥ የቆመ ሌላ እግር ሰፈር ነው። እዚያም ሐይቅ አለ፤ ውኃው እንደኛው ጨውና ሶዳ አለበት። እዚያም እያንዳንዱ ምሰሶ በቦታው አለ። የእኛ ብረት በብዙ ዓመት የሚዝገውን ያህል የዚያኛው በአንድ ጠዋት ይዝጋል፤ እኛም ምን እንደሚጠብቀን ከቁርስ በፊት እናውቃለን።

በዚህ ቁጥር እንኖራለን። ሽማግሌ ሲላክ የሴቲቱ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው የልጁን ሥራ ሳይሆን የቤቱን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ያነሰ ቤት ሰዎች ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ይከብደዋል። እናቶች ጠዋት ልጃቸውን ከመቀስቀሳቸው በፊት ወጥተው ሰሌዳውን ያያሉ። እኔም አያለሁ። ከፊደል በፊት የለየሁት ቁጥር ነው።

ከወለሉ በታች ወርዶ ብረት መነካካት ክልክል ነው። ሰው የነካው ብረት ከቅጂው ይለያል ይባላል። ከቅጂው የተለየ ቤት ቁጥር አይሰጠውም፤ ቁጥር የሌለው ቤት ይታሸጋል፤ ሰዎቹም ወደ ደረቁ ካምፕ ይሄዳሉ። በደረቁ ካምፕ አቧራው ከሰው ሳንባ አይወጣም፤ ትንንሽ ልጆች ይስላሉ፣ ከዚያ ትኩሳት ይመጣል። ስለዚህ ወርዶ ብረት የሚያይ ሰው የለም።

ክልክሉን የሚጥሱት እናቶች ብቻ ናቸው። ልጅ ሲወለድ፣ ውኃው በበጋ ዝቅ ሲል፣ እናትየው በጀልባ ከወለሉ ሥር ትገባለች። ምሰሶው ላይ አንድ ቦታ በድንጋይ እየፋቀች ታነጣለች፤ ብረቱ ልጁን እንዲያውቀው ነው ይባላል። ከዚያ የነጣው ላይ የመዳብ አምባር አጥብቃ ታስራለች። ክረምት ሲመጣ ውኃው ከፍ ብሎ አምባሩን ይሸፍነዋል። የተሸፈነ አምባር ልጁን ይዞ ይቆያል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ያስራል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ በትምህርት ቤቱ እግር ላይ ሌላ ይታሰርለታል። ጥበቃው ጋሽ ደቻሳ ጀልባ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል፤ የልጅ ልጆቹ እዚያው ይማራሉ።

የትምህርት ቤቱ ቁጥር ከሰፈሩ ሁሉ ትልቁ ነበር፣ ሠላሳ አንድ። እኔ ናርዶስን እዚያ ለማስገባት ሁለት ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። እኔም ከሰዓት በኋላ እዚያው ጎልማሶች ክፍል እየገባሁ ፊደል ቆጠርኩ። ሕንጻው ከቤቴ ይልቅ ጽኑ ነው ብዬ አምን ስለነበር፣ እሷ እዚያ በምትውልባቸው ሰዓታት ልቤ ትንሽ ያርፍ ነበር።

እኔና ጎረቤቴ ኩልሱማ ዓሣ በጨው አርሰን እናደርቃለን። አንድ በርሜል አለን፤ የሐይቅ ውኃ ሞልተን ጨው እንጨምርበትና ዓሣውን በብረት ሜንጦ ሰቅለን እናጠልቀዋለን። ዓሣው እንዳይቀላቀል የኔዎቹን ሜንጦዎች ጫፋቸው ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜባቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ስስበው ባዶውን መጣ። ከሽቦው ሥር ተበልቶ፣ ቀጥኖ፣ ተሰብሯል። የቀሩትንም አወጣኋቸው። ሁሉም ከሽቦው አጠገብ ከስተዋል። የኩልሱማዎቹ ቡናማ ከመሆን በቀር ምንም አልሆኑም።

«አየሽ» አለች ኩልሱማ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ በርሜሉ ውስጥ ከታ የወደቀውን ዓሣ እየፈለገች፣ «አንቺ ሌት ተቀን ስትጨነቂ ሜንጦሽም አብሮሽ ከሳ።»

«ከአንድ ቀጥቃጭ፣ በአንድ ቀን አይደል የገዛነው?»

«ነው።»

«ታዲያ የኔ ብቻ ለምን ተበላ?»

«ሽቦ አስረሽ አንቀሽው ነዋ። ብረትም ይተንፍስ እንጂ አስኩ።»

ሳቀች። እኔ በእጄ ያለውን አረንጓዴ ያበቀለ ሽቦ አየሁ። ያን ጊዜ የመጣብኝ የትምህርት ቤቱ እግር ነው።

ተሳስቼ እንዲሆን ስለፈለግኩ፣ ሳልነግራት ከኔ ሜንጦ ሽቦውን ፈትቼ በእሷ አንዱ ላይ አሰርኩ። ግንቦት ሲያልቅ ያ ሜንጦ ተሰበረ። የኔው፣ ሽቦ የተፈታለት፣ ከዚያ ወዲህ አልቀጠነም። ኩልሱማ ሁለቱን ቁራጮች ይዛ መጣችና «ሜንጦዬን ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ቁራጮቹን አገላብጣ አየቻቸው። «ይሄ የዓሣ በርሜል ነው የኔ እናት» አለች። «ሐይቁ ሰፊ ነው።»

በማግስቱ በጀልባ ወደ ደረቁ ተሻግሬ ማዕከሉ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ይልቃል ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። ወንበር ሰጠኝ። ከፊቱ ትልቅ መስኮት የሚያህል ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ሰፈራችን። ቤታችንን ወዲያው ለየሁት። የተሰጣ ልብስ ግን አልነበረም። ጀልባ አልነበረም፣ ማገዶ አልነበረም፣ ሰው አልነበረም።

«እኛ የት ነን?» አልኩት።

«ሰው አላስገባንም እናቴ። ሰው በብረቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። የሚያዝገው ውኃው ነው፣ ጨው፣ ሙቀት፣ አየር። እነሱ ሁሉ አሉ።»

«መዳብስ?»

«ምን ያደርጋል መዳብ?»

አምባሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማኝ። ብረቱ እየተፋቀ ይነጣል ስለው ፈገግታው ቀረ።

«ብረቱን ይነካዋል? መዳቡ ራሱ፣ በቀጥታ?»

«ካልነካውማ ምን ዋጋ አለው?»

«ውኃ ውስጥ?»

«ክረምት ሲመጣ ይሸፈናል። እንዲሸፈንም ነው።»

ፊቱን አዞረና መጻፍ ጀመረ። በትምህርት ቤቱ አንድ ምሰሶ ላይ አንድ አምባር አስቀመጠ። ዓመቶቹን አስኬደ። ከአምባሩ ዙሪያ ብረቱ ጠቆረ፣ ወደ ውስጥ ገባ። የኔ ሜንጦ ነበር፤ ትልቅ ሆኖ።

«መዳቡ አይጎዳም» አለ በቀስታ። «እሱ ደህና እንዲቆይ ብረቱ ነው የሚያልቅለት። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ሁለቱ ከተነካኩ እንደዚያ ነው። ስንት አምባር አለ?»

«የልጆቹን ያህል።»

«በየልጁ አንድ?»

«አንድ ይታሰራል። ሲያመው ይጨመርለታል። ፈተና ሲደርስም የሚጨምሩ አሉ።»

ከዚያ ምሰሶዎቹን ሁሉ አምባር አለበሳቸው። እንደገና አስኬደው። አንድ ዓመት እንኳ አልሄደም። ውኃው ወጣ፣ ምሰሶዎቹ ወገባቸው ላይ ቀጠኑ፣ በሰሜን በኩል ያሉት ታጠፉ፣ ትምህርት ቤቱ ተንሸራቶ ገባ። ድምፅ የለውም። ከውስጡም የወጣ ሰው የለም፤ ሰው አላስገቡበትምና።

«ክረምቱን አይወጣም ማለት ነው?» አልኩት።

«ይሄ ቅጂ ነው እናቴ።»

«ሠላሳ አንድ ያለንስ ምን ነበር?»

ተነሥቶ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። ጠላቂ ለማውረድ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱ ከላይ እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል። ሕንጻ የሚዘጋው ቁጥሩ ከአንድ በታች ሲወርድ ነው። አምባሮቹ ደግሞ በማዕከሉ ሰው ስላልታዩ በስሌቱ በሙሉ አይያዙም፤ የድሮው ስሌትና የአሁኑ እየተመዛዘነ በየጊዜው ይስተካከላል። «ነገ ሰሌዳው አራት ይላል» አለኝ።

«አራት ዓመት?»

«ሰሌዳው ላይ።»

«ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉበት። መዳብ ፍቱ በሉ።»

«ሰሌዳው የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው።» በር ድረስ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅ አለሽ እዚያ?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ አራት አለ። በእግር ሰፈር ቁጥር እንደዚያ ዘልሎ ወርዶ አያውቅም። እናቶች በመተላለፊያው ድልድይ ላይ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው አየሁ። ልጁን ያስወጣ ግን አልነበረም። የወጣ ልጅ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅም በሰፈሩ አይቆይም፤ ወደ ካምፑ ነው። ከምሳ በኋላ ጀልባዎቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሥር መግባት ጀመሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ገበያ ላይ መዳብ አልነበረም። ወንዶች ወደ አሮጌው ከተማ እየጠለቁ፣ ከሰመጡት ቤቶች ግድግዳ የድሮውን የመብራት ገመድ እየነቀሉ ያመጡ ጀመር። ሴቶቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው ላስቲኩን ይልጣሉ። ቀዩ ሽቦ እየተጠቀለለ በየጀልባው ይገባል። ሰሌዳው በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት አለ። ጀልባው በዛ።

ለእያንዳንዷ እየዞርኩ ነገርኩ። ያመነኝ የለም። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ በትልቁ ጻፍኩ፤ «መዳብ ብረቱን ያስበላዋል። አምባሩን ፍቱ። ልጆቻችሁን አውጡ።» በሕይወቴ ለሰው እንዲነበብ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ከሰሌዳው ሥር ለጠፍኩት። ከጎልማሶች ክፍል ሦስት ሴቶች መጡና ፊደል እየቆጠሩ፣ እየተጋገዙ አነበቡት። «ያስ፣ ያስበ፣ ያስበላዋል» አለች አንዷ። ጓደኛዋ ጀርባዋን መታ አደረገቻት። «ጎበዝ፤ ያለ መምህርት ጨረስሽው እኮ።» ደስ ብሏቸው ተቃቅፈው ሄዱ። ምን እንዳነበቡ ሳይሆን ማንበባቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሽ ደቻሳ መጥቶ ወረቀቱን በቀስታ፣ ሳይቀድ አነሣው።

«ከሰሌዳው አጠገብ የቅጂው ቁጥር ካልሆነ ሌላ አይለጠፍም፣ ልጄ» አለኝ። «ጽሕፈትሽ ግን አምሯል።»

የቀረኝ የራሴን ልጅ አምባር መፍታት ነው ብዬ ጉጠት ይዤ በጀልባ ከትምህርት ቤቱ ሥር ገባሁ። ከላይ የልጆቹ እግር ወለሉን ሲመታ ይሰማል። ምሰሶዎቹ ብረታቸው አይታይም። አምባር ላይ አምባር፣ ሽቦ ላይ ሽቦ፣ የድሮው አረንጓዴ፣ የአዲሱ ቀይ። የናርዶስን የት እንዳሰርኩ በደንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላገኘሁትም። እሱ ዘንድ ለመድረስ ከላዩ ያሉትን መቁረጥ አለብኝ፤ እነሱ ደግሞ የሌሎች ልጆች ናቸው። በሁለት አምባሮች መካከል ጣቴን አስገብቼ ብረቱን ነካሁ። እንደ ራሰ ድርቆሽ ተልጦ በጣቴ ላይ መጣ። ጉጠቱን ከፍቼ አንድ ሽቦ ላይ አሳረፍኩት፤ አልጨበጥኩትም።

የኩልሱማ ጀልባ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። በጭኗ ላይ ወፍራም የመዳብ ጥቅል ነበር።

«አታስሪው» አልኳት። «የሙናንም ፍቺ።»

ሙና ልጇ ናት፤ ከናርዶስ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

«አንቺ አስካለ፣ ጤናሽን ነው?» አለች። «ሙና ስትወለድ በሕይወት የቀረ ልጅ አልነበረኝም። አምባሩን ካሰርኩላት ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዟት አያውቅም፣ ወላሂ። አሁን አንቺ ይሄ አምባር ልጅሽን ሊበላ ነው ትይኛለሽ?»

«ልጅሽን አላልኩም። ብረቱን ነው።»

«ልጄ የቆመችው ብረቱ ላይ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

ከላይ ልጆቹ በአንድ ድምፅ አንድ ነገር እየደገሙ ነበር። ከዚያ ጉጠቴን አየችው።

«የናርዶስን ፈታሽ?»

«ላገኘው አልቻልኩም።»

«አየሽ? እጅሽ እምቢ አለሽ። እናት ነሽ፣ እጅሽ ያውቃል።» ጥቅሉን መፍታት ጀመረች። «ፈቀቅ በይልኝ፣ ውኃው ሳይጨምር።»

የመጀመሪያው ዝናብ በደጋው ላይ እንደጣለ በሬዲዮ ተነገረ። ከደጋው የሚወርደው ውኃ ወደ እኛ እስኪደርስ ብዙ አይቆይም። የናርዶስ አባት በደረቁ የጨው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ደወልኩለትና ናርዶስን ይዤ ልመጣ ነው አልኩት። «ካምፑን ታውቂዋለሽ» አለኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩት። «ሳሉንም?» «ሳሉንም።» በሳል ላይ የማደርገው ነገር አለ፤ ውኃ አፈላለሁ፣ አፏን በጨርቅ አስራለሁ፣ ሌሊት ተቀምጬ አድራለሁ። ብረት ሲታጠፍ ግን የማደርገው የለኝም።

ትምህርት ሳያልቅ ሄጄ ከክፍል አስወጣኋት። መምህሯ ቦታው ዛሬውኑ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። ይሰጥ አልኩ። ከበሩ ስንወጣ ሙና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለችን። ሁልጊዜ አብረው ነው የሚወጡት፤ የመውጫ ሰዓት የደረሰ መስሏታል። የናርዶስን እጅ ያዘች። ተመለሺ አላልኳትም። እኔ ናርዶስን፣ ናርዶስ ሙናን ይዘን ድልድዩን ወደ ደረቁ የሚያሻግረው ጀልባ ወደሚቆምበት ተያያዝነው። ሁለቱ ስለ አንዲት የክፍል ልጅ ጫማ ያወሩ ነበር። እኔ በፍጥነት ነበር የምራመደው።

«አስካለ።»

ኩልሱማ ነበረች። ከሥር ከጀልባው አይታን በመሰላሉ ወጥታለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። አልጮኸችም።

«ልጄን ይዘሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ደረቁ። ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ ከእኛ ጋር ትሁን። ከናርዶስ ለይቼ አላያትም፤ ታውቂኛለሽ።»

«ካምፕ?»

«ካምፕ።»

ሙና አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«ሁለቱን የቀበርኳቸው የት እንደሆነ ረሳሽው?» አለች ኩልሱማ።

አልረሳሁም። ሁለቱም እዚያ፣ ካምፑ ውስጥ፣ በአንድ በጋ ነው የሞቱት። ትንሹን ሲቀብሩ አብሬ ነበርኩ፤ አቧራው እየነፈሰ ሰው ዓይኑን መግለጥ አልቻለም ነበር። «ጣቴን አስገብቼ ነካሁት፣ ኩልሱ» አልኳት። «ብረት አይደለም። ብረት የለም እዚያ።»

«ሰሌዳው ሦስት ይላል።»

«ሰሌዳው አላየውም።»

«ሁለት ልጅ ደረቅ መሬት ላይ ሞተውብኛል» አለች። «ውኃ ላይ የሞተብኝ የለም።»

ለዚህ መልስ ፈለግኩ። ማታውንም፣ ከዚያ በኋላም ፈልጌዋለሁ። ያን ጊዜ ግን እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ የእሷ ናት። እኔም ከእጄ ልጄን ሊወስድ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሚለኝን አልሰማውም ነበር።

«ስጪኝ» አለች።

«ሂጂ፣ ሙና» አልኩ።

ሙና ሄደች ማለት አይቻልም፤ ናርዶስ አልለቀቀቻትም። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት አልቀረም፤ ፊቷ ላይ አየሁት። የሙናን እጅ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ እኔን እያየች ቆመች። ኩልሱማ አልጎተተችም፤ ቆማ ጠበቀችኝ። ከኋላችን ሌላ ጀልባ መዳብ ጭኖ ወደ ትምህርት ቤቱ ሥር ይገባል።

ጎንበስ አልኩና የልጄን ጣቶች ከሙና እጅ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኩ።